የወጡ ተማሪዎችን አካውንት ስለ መሰረዝ



ተመርቀው የሄዱትን ተማሪዎች አካውንት ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ለመሰረዝ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅን። ሲነጋ፣ ምዝገባ ሊጀመር ሲል፣ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። ኮምፒዩተሩን ወቀስን፤ ጥፋቱ ግን የእኛው ኖሯል።

እንዴት ቢሉ፣ አንድ አካውንት በተሰረዘ ቁጥር ዳታቤዙ እርሱን የሚጠቅስ የመጽሐፍ ውሰት መኖር አለመኖሩን ያጣራል። ፖስትግሬስ ለዋናው ቁልፍ ኢንዴክስ የሚባለውን ማውጫ ራሱ ያበጃል፤ ለጠቃሹ ዓምድ ግን እኛ ካላዘዝነው አያበጅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አካውንት የውሰቱን ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ አደረ!

«ማጣራቱን አጥፍተን እንሰርዝ» ያለም ከመካከላችን ነበር። ባለቤት የሌለው ውሰት እንዲተርፍ ማድረግ ነውና አልተቀበልነውም። በጠቃሹ ዓምድ ላይ ማውጫ አበጀን፤ አንድ ሺህ አንድ ሺህ እያደረግን ሰረዝን። ሻያችን ሳይበርድ አለቀ።