ጥይት ዝቅ ብሎ ሲመታ

በጋን ያቭኔና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ ለሚሉኢም ለምትጠሩ ወንድሞችና እህቶች ዛሬ የምናነሣው ስለ ኢፑስ፣ ማለትም የጠመንጃን ማነጣጠሪያ ስለ ማስተካከል ነው።

ነጥቡ ላይ አነጣጥራችሁ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ቢመታ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን በይሉኝታ ዝም ብለን በሚቀጥለው ከፍ አድርገን እንተኩሳለን። ይህ ስሕተት ነው።

በቅድሚያ፣ አንድ ጥይት አይመሰክርም፤ በአንድ ነጥብ ላይ አምስት ተኩሱ። ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ አያያዛችሁን መርምሩ፤ ምላጩን በኃይል የሚስብ ሰው አፈሙዙን ይደፋል። የማነጣጠሪያው ብሎን ላልቶ እንደ ሆነም እዩ። ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ዝቅ ካሉ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጥይቱ የቀድሞው ዓይነት ነው? ርቀቱስ ስንት ነው?

ጥይት ከአፈሙዝ እንደ ወጣ መውደቅ ይጀምራል። በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ 5 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለት ዐሥረኛ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። የኤም 16 ጥይት 100 ሜትር የሚደርሰው በአንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው፤ የአባቶቻችን ውጅግራ፣ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት፣ ከሁለት ዐሥረኛ በላይ ይፈጅበት ነበር። ስለዚህ ጥይቱ በዘገየ ቁጥር ውድቀቱ ይበዛል።

ጥይቱና ርቀቱ ትክክል ከሆኑ ለአሠልጣኙ ንገሩ። በኤም 16 በአፈሙዝ በኩል ያለችው ማነጣጠሪያ ዝቅ ስትደረግ ጥይቱ ከፍ ይላል። የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን እርሷን ከዒላማው ጋር ለማገናኘት አፈሙዙን ቀና ስለምናደርግ ነው።

ወገኖቻችን፣ ከፍ አድርጎ በመተኮስ የተሸፈነ ጉድለት ርቀቱ በተለወጠ ቀን ይገለጣል። በዚያን ቀን ባልደረባችሁ እናንተን ተማምኖ ከጎናችሁ ይሆናል። በልምምድ ሜዳ መጠየቅ አያሳፍርም።

ቸር ያሰንብተን።