ጨቅላ የቲሞችን ከጉንፋን እንጠብቅ

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ በጣም አዛኝ በሆነው።



የቲምን መጎብኘትና ራሱን መዳበስ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አር ኤስ ቪ የተባለው ቫይረስ ለአዋቂ ቀላል ጉንፋን ቢሆንም፣ የጨቅላን ሳንባ አጥቅቶ ትንፋሹን ሊያሳጥር ይችላል። ሕፃናት ሁሉ ለማለት ይቻላል 2 ዓመት ሳይሞላቸው ይያዛሉ፤ ይበልጥ የሚያሰጋቸው ግን ከ6 ወር በታች ያሉትንና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ነው።

ቫይረሱ በሳል፣ በማስነጠስ፣ በመሳምና በእጅ ይተላለፋል። በአልጋ ጠርዝና በመጫወቻ ላይ ለሰዓታት ስለሚቆይ፣ ብዙ ሕፃናት አብረው በሚያድሩበት ቤት ፈጥኖ ይዛመታል። የታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ቀን ያስተላልፋል።

ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ጎብኚ ስጦታውን ልኮ ጉብኝቱን ያዘግይ። ጤነኛውም ሕፃን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስነጥሱ ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑ ነበር፤ እኛም ሱናቸውን እንከተል።

አሳዳጊዎች ሆይ፤ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም መጥባት እምቢ ካለ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አላህ የቲሞቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።