አሮጌ መጸዳጃና መታጠቢያ ቤት ስለ ማደስ
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ላልተገኙት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል)



የዛሬው ንግግራችን ስለ መጸዳጃና ስለ መታጠቢያ ቤት ነው። በስብሰባ ላይ ይህ ይነሳል ወይ የሚል ቢኖር፣ በየቀኑ የምንገባበት ቤት ነውና መነሳት አለበት እንላለን።

እንደሚታወቀው የሰፈራችን ቤቶች አብዛኞቹ በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠሩ፣ ዕድሜያቸውም ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ነው። ሲሠሩ መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነበር። ኋላ ውሃ ወደ ቤት ሲገባ ከጓዳው ተቀንሶ ወይም ከግድግዳው ተለጥፎ መታጠቢያ ተጨመረ። ዛሬ ያ ሁሉ አርጅቷል። የብረት ቧንቧው ዝጓል፣ ሊሾው ተሰነጣጥቋል፣ ሽታው ሳሎን ይደርሳል። ስለዚህ ማደሱ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰው ዕድሳቱን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ለሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው የዛገ ቱቦ እንዳለ ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ቱቦው ሲፈነዳ ሴራሚኩ ተነስቶ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል። እንግዲህ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የማይታየው ይሠራ፣ የሚታየው ይደርሳል።

አንደኛ፣ ግድግዳው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ልስኑን አልፎ ቋሚውንና ማገሩን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። ላዩ ደኅና መስሎ ታችኛው ያልቃል። በብዙ ግቢ ደግሞ አንዱ ግድግዳ የሁለት ቤት ስለሆነ፣ ክረምት ሲመጣ የአንዱ መታጠቢያ የጎረቤቱን መኝታ ቤት ይጥላል። በመሆኑም በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሴራሚክ አይለጠፍ። አቅም ያለው ዙሪያውን፣ አቅም ያነሰው ውሃ የሚረጭበትን ወገን ብቻ በብሎኬት ያሠራ።

ሁለተኛ፣ ወለሉና ቱቦው። ወለሉ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ማዘቅዘቅ አለበት። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ደፍታችሁ እዩ፤ የሚተኛ ውሃ ካለ ሠራተኛውን ያኔውኑ አስተካክል በሉት። ከመቀመጫው የሚወጣው ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ተዳፋቱም በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከማፍሰሻው ሥር ሲፎን መግባቱን አረጋግጡ። በተጠማዘዘው ቱቦ ውስጥ የሚቆመው ውሃ ነው ሽታውን የሚያግደው። ማፍሰሻው ብዙ ቀን ካልሠራ ያ ውሃ ይደርቃልና አንድ ኩባያ ውሃ ጨምሩበት። የአየር ቱቦውም ከጣራ በላይ ይውጣ፣ ጫፉ በወንፊት ይሸፈን። አዲሱ ሊሾ ደግሞ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛ፣ ጉድጓዱ። እዚህ ላይ አደራ የምንለው ነገር አለ። ጉድጓድ ለማጽዳት ብላችሁ የቀን ሠራተኛ ወደ ውስጥ አታስገቡ። ውስጡ ያለው ጋዝ በጥቂት ደቂቃ ሰው ይገድላል፤ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል። ለዚህ ሥራ የሚመጥጥ መኪና አለ። ዝናብን ተገን አድርጎ ጉድጓድን ወደ ቦይ መልቀቅም ይቅር። ያ ቦይ እኮ ልጆቻችን የሚሻገሩት ነው። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ገብቶ እንደነበር እናስታውስ። የውሃ ጉድጓድ ያለው ሰው ከመጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር ያርቀው።

አራተኛ፣ ውሃው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሮቶ ያስፈልጋል። ነገር ግን 1,000 ሊትር ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናል፤ የጭቃ ቤት ጣራ አይችለውም። ለብቻው ማቆሚያ ይሠራለት። አሮጌው መቀመጫ በአንድ ጊዜ 12 ሊትር የሚያፈስ ከሆነና በ6 ሊትር ቢቀየር፣ በቀን 20 ጊዜ ውሃ በሚለቀቅበት ቤት 120 ሊትር ይተርፋል። ይህ 6 ጀሪካን ማለት ነው፤ ጀሪካን የሚሸከም ያውቀዋል።

አምስተኛ፣ የውሃ ማሞቂያ የሚያስገባ ሰው ሠራተኞች ኧርዝ የሚሉትን ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ሳያስዘረጋ አያብራው። ገላ እየታጠቡ በኤሌክትሪክ መያዝ ሕይወት ያጠፋል።

ስድስተኛ፣ አረጋውያን ያሉበት ቤት የማያንሸራትት ወለልና የእጅ መያዣ ብረት ያስገባ። በሩም ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን ዘግቶ እንዳይቀር ነው።

አሁን ወደ ቀበሌ ቤት ነዋሪዎች እንምጣ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ወገኖች፣ «ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ሰፈሩም ነገ ይነሳ ይሆናል፤ ለምን ገንዘብ እንቅበር?» ይላሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው። ስለዚህ ሴራሚኩን ይተዉት፣ ሊሾ ይበቃል። ሮቶው፣ የእጅ መታጠቢያው፣ መቀመጫውም ቢሆን በጥንቃቄ ከተነቀለ አብሮ ይሄዳል። ቱቦውና ጉድጓዱ ግን ዛሬውኑ ይጠገን፤ በሽታ ሰፈሩ እስኪነሳ አይጠብቅምና። ሥራ ሳይጀመር የወረዳው ፈቃድ ይጠየቅ።

ሦስት አራት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ በሚጠቀምበት ግቢ መዋጮው በጽሑፍ ይሁን፣ ዕቃ የገዛው ሰው ደረሰኝ ያሳይ። ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ ያግዝ። አቅመ ደካማ ከሆኑት እናቶቻችን ምንም አይጠየቅ።



የማኅበሩ ጸሐፊ