ልብሳቸውን ያወለቁ መምህራን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ስለ አዳሪ ተማሪ ኑሮ ጥቂት ቃል እንድናገር ማኅበራችን ስለ ፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እኔ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ነኝ። በአገሬ በፎገራ ሜዳ፣ ክረምት ሲሆን ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን ያጥለቀልቁታል። ጎርፉ ያስፈራል፤ ያጠፋልም። ውሃው ሲሸሽ ግን ትቶት የሚሄደው ደለል ሩዛችንን ያበቅላል። ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር ሰዎች በአገራችን የሠሩትን ሳስብ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ አገራችን ገብተው በትዕግሥትና በትምህርት የቤተ መንግሥቱን ልብ ሳቡ። በ1622 አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ፓኤዝ ዐርፈው ከጣና በስተ ሰሜን በጎርጎራ ተቀበሩ። ኋላ የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡም እንደገና ይጠመቅ አሉ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዚሁኑ ማኅበር ሰዎች ከካናዳ ጠርተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ላይ ሾሟቸው። በ1950 (በእኛ 1943 ዓ.ም.) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ሉሲየን ማት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፤ ሃይማኖት አይሰብኩም፤ የክህነት ልብሳቸውንም አይለብሱም።

እንግዲህ ልብሱና ስብከቱ ሲወገድ ከውርሱ ምን ተረፈ? የቤቱ ሥርዓት ተረፈ። ማኅበሩ በ1599 ያወጣው የትምህርት ደንብ መከለስን፣ መጻፍንና ፊት ለፊት መከራከርን ያዛል። ኮሌጁም አዳሪ ነበርና ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ተማሪ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድር፣ በአንድ ገበታ ይበላ ነበር። ቁጥጥሩ ጥብቅ ነበር። ይሁን እንጂ ክርክር የለመደ አእምሮ በአጥር አይታገድም። በታኅሣሥ 1960 የመንግሥት ግልበጣ ሲሞከር፣ በሥርዓት ያደጉት የዚያው ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ።

ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ አብሮ በሚኖር ሕዝብ መካከል የሰውን ሕሊና በትእዛዝ መንካት ቤቱን ያፈርሳል፤ በሥራ የታየ ምሳሌ ግን ይቀራል። ሁለተኛው፣ ሥርዓት ያለ ማድመጥ ዕድሜ የለውም።

እኛም ዛሬ አዳሪዎች ነን። ጣሪያችን አንድ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንበላውም የምንጫወተውም ከአገራችን ልጅ ጋር ብቻ ነው። በ2019 በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ሕይወት መጥፋቱን አንርሳ። በክርክር ያልተዋወቀ ሰው በወሬ ይጣላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በሳምንት አንድ ማታ ክርክር ይኑረን፤ ተከራካሪዎቹም ከልዩ ልዩ አገር የተጣመሩ ይሁኑ። የማደሪያውን ደንብ አዳሪው ራሱ ያርቅቅ። መምህሮቻችንም አልፎ አልፎ ከገበታችን ይቁረሱ።

ጎርፉ አልፏል፤ ደለሉን ማረስ የእኛ ፈንታ ነው።