ባሕር ዛፍና የመጀመሪያው ጆይንተር

የእስራኤሏ ከተማ ሐዴራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ስትመሠረት ረግረጉና ወባው ብዙ ሰው ፈጅቶባታል። ረግረጉን እንዲያደርቅ የተተከለው ያ አገር ቤት አጥርና ማገር አድርገን የምናውቀው ባሕር ዛፍ ነው። ለእንጨት ሠራተኛ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል።

ጓዳውን የእንጨት ሥራ ቤት ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ውፍረት የሚያስተካክለውን ማሽን ነው። እርሱ ጠማማውን ሳንቃ ያሳሳዋል እንጂ አያቃናውም። ፊቱን ቀጥ የሚያደርገው ጆይንተር የሚባለው መላጊያ ማሽን ነው።

ስትገዙ ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ የጠረጴዛውን ርዝመት እዩ፤ ረጅም ሳንቃ በአጭር ጠረጴዛ አይቃናም። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሞተሩ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ እስራኤል መብራቱ 230 ነው።

ዋናው ሥራ ማስተካከሉ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። የኋለኛው ጠረጴዛ ከስለቱ ከፍተኛ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፤ ዝቅ ካለ የሳንቃውን መጨረሻ ይቦረቡረዋል፣ ከፍ ካለ እንጨቱ ጠርዙን ይገጫል። የፊተኛው ጠረጴዛ ዝቅታ የሚላገውን መጠን ይወስናል፤ ለጀማሪ 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። መደገፊያውን በስኳድራ 90 ዲግሪ አቁሙት። ስትልጉ መግፊያ ያዙ፤ ጣት በስለቱ አናት አያልፍም።

ድምፁም ቀላል አይደለም፤ ጎረቤት በሚያርፍበት ቀትር ላይ አታስነሱት።