በቤት ሆኖ የባሕር ማዶ ማስተርስ ስለ መማር
(የ12ኛ ክፍል ተማሪ በበዓሉ ቀን ያሰማው ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ታላቅ ወንድሜ ስላወጣው አንድ ሒሳብ ነው። እርሱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን በመረጃ ደኅንነት የማስተርስ ዲግሪ ለመማር አሰበ። ነገር ግን ወላጆቻችን የሚጦሩት በእርሱ ደመወዝ ስለሆነ ሥራውን ትቶ ባሕር ማዶ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ እዚሁ ሆኖ በኢንተርኔት የሚማርበትን ፈለገ።

አስቀድሞ ስለ ስኮላርሺፕ ጠየቀ። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ ግን እዚያው ሄዶ ለሚማር እንጂ በርቀት ለሚማር አይከፍልም። አንዱ ድርጅትማ ያለ ፈተና ዲግሪ እሰጥሃለሁ ብሎ ጻፈለት፤ እኛም ሳቅን። በመጨረሻ በአሜሪካ አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ቴክ በ2011 ዓ.ም. የከፈተውን የሳይበር ደኅንነት ማስተርስ አገኘ። ሲከፈት ጠቅላላ ክፍያው ከ10,000 ዶላር በታች ነበር፤ እርሱም በየተርሙ ለተወሰደው ኮርስ እየተከፈለ የሚያልቅ ነው።

ወንድሜም ከደመወዙ እየቆጠበ፥ አንድ አንድ ኮርስ እየወሰደ ሊማር ቆረጠ። ታዲያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትምህርቱ አልተወደደም፤ ያጠራቀመው ብር ግን ግማሽ ያህል ሆነ። አባታችን ደብተሩን አይተው ዝም አሉ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ይህን የምታስቡ ብትኖሩ ሒሳባችሁን ከመጀመሪያው በዶላር አውጡት። ወንድሜ አሁን ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ አስገብቷል፤ ግማሹን ቢከፍሉለት ተምሮ ሊያገለግላቸው ውል ይገባል። መልሱን እየጠበቅን ነው።