ጢስ የሌለው እሳት ሁሉ ንጹሕ አይደለም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትልልቅ ጉዳይ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን የምናገረው በየቤታችን ስላለው እሳትና ስለምንተነፍሰው አየር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ይገድላል።

አገራችን ደጋም ቆላም አላት። በወልድያ ዙሪያ ባሉት ከፍታዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ስንደርስ ግን ጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለምንል ሙቀት ይቀበለናል። በሀብሩ ማንጎና ብርቱካን የሚያምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደገኛው ብርዱን ፈርቶ በሩን ዘግቶ እሳት ያነዳል። ቆለኛውም ትንኝና አቧራ እንዳይገባበት መስኮቱን ይዘጋል። አየር መግቢያና መውጫ ሲያጣ የሁለቱም ቤት መዘዝ አንድ ነው።

“ጢስ መውጫ አያጣም” ይባላል። በሣር ክዳን ቤት ይህ እውነት ነው፤ ጢሱ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣልና። ዛሬ ግን ብዙው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ ግድግዳው ተመርጓል፤ ኮርኒስም ተሠርቶለታል። ዝናብንና ነፋስን መከልከሉ መልካም ሆኖ ሳለ ጢሱንም አብሮ ያስቀረዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ. ም. ብቻ በቤት ውስጥ አየር መበከል ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ጊዜያቸው ሞተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በምድጃ አጠገብ የሚውለው ሕፃን ለሳንባ ምች የሚጋለጠው በዚህ ነው።

የእንጨት ጢስ ግን ዓይን ስለሚያቃጥልና ስለሚያስል በሩን እንድንከፍት ያስገድደናል። ከሰል ግን ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ፍም ሆኖ ሲቀላ ጢስ የለውምና ንጹሕ ይመስላል። ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። በሳንባችን ከገባ በኋላ ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሆነ ሰውነታችን አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ያደክማል። የተኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳያውቀው እንቅልፉ ወደ ሞት ይለወጣል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው እኛን ነው። ከየገጠሩ ቀበሌ ስንቃችንን ተሸክመን መጥተን በወልድያና በመርሳ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንማር ብዙዎች ነን። በዚያችው ክፍል እናበስላለን፣ እናጠናለን፣ እንተኛለን። ወጡ ከበሰለ በኋላ የተረፈውን ፍም “ይሞቀናል” ብሎ በሩን መዝጋት ቀላል ነው። ፍሙ አመድ ቢለብስም ጋዙ መውጣቱን አይተውም። ስለዚህ ከመተኛታችን በፊት የከሰል ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል።

“ኤሌክትሪክ እያለ ከሰል ለምን?” የሚል ይኖር ይሆናል። ኤሌክትሪክ ለሚደርሰውና ለሚችለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን መብራት ይቋረጣል፤ በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያ በደረሰ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሰዉ ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ተመልሷል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያለውም ቢሆን የከሰልን ጠባይ ማወቅ አለበት።

ወላጆቻችንንም የምንለምነው ጥቂት ነገር አለ። የሚቻል ሲሆን ማድ ቤቱ ከመኝታ ቤት ይለይ፤ ከጣሪያው ሥርም የጢስ መውጫ ይተውለት። “ምርጥ” የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨቱን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። “ላቀች” የተባለው ማንደጃ ከሰል ይቆጥባል፤ ቆጣቢ መሆኑ ግን በተዘጋ ቤት እንዲያድር አያስፈቅድለትም። በመርሳና በሀብሩ ቆላ ደግሞ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስኮቶች፣ በምዕራብ በኩል የተተከለ የጥላ ዛፍ፣ በአልጋም ላይ አጎበር ቢኖር ሙቀቱም ትንኙም ይቀላል፤ መስኮቱንም ሳይዘጉ መተኛት ይቻላል።

ከሰል ያፈነው ሰው ከተገኘ ጊዜ ሳይጠፋ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ ማፍሰስ ያንቀዋልና አይደረግ።

በሳይንስ ክፍል ስለ ኦክስጅንና ስለ ካርቦን የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ከመተኛታችን በፊት ማንደጃውን ከክፍላችን ብናወጣ፣ ትምህርቱ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።